«ዛሬ ተገጥሞ ዛሬ ዓሣ የሚገባበት» አኳሪየም አትግዙ

አዲስ ቤት ገብታችሁ ሳሎናችሁ ውስጥ አኳሪየም ለማስቀመጥ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ይህን ሳታነቡ ቀብድ እንዳትከፍሉ። በተለይ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳና የካ አባዶ ያላችሁ። «ሙሉ ፓኬጅ» የሚለው ማስታወቂያ በኮንዶሚኒየም የቴሌግራም ግሩፖች እየዞረ ነው። መስታወቱ፣ ማስቀመጫው፣ ፊልተሩ፣ መብራቱ፣ ድንጋዩና ሲክሊድ ከሚባሉት ከአሥር በላይ ባለቀለም ዓሣዎች በአንድ ዋጋ። ትራንስፖርት ነጻ። ጠዋት መጥተው ይገጥማሉ፣ ውሃ ይሞላሉ፣ ከሰዓት ዓሣው ይዋኛል።

ችግሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ዓሣው በዚያው ቀን መግባት የለበትም።

ይህን የምጽፈው እዚሁ ብሎካችን ውስጥ ባሉ አንድ እናት ላይ የደረሰውን ስላየሁ ነው። ሲክሊድ ማርባት ለእኔ የቆየ ፍቅር ስለሆነ፣ ዓሣዎቹ ሲቸገሩ አይተው ጠሩኝ። ለልጅ ልጆቻቸው ብለው 45 ሺህ ብር ከፍለዋል። ገና ሳምንት አልሞላውም። ዓሣዎቹ በሙሉ ውሃው ጫፍ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። የሚተነፍሱበት ስንጥብ ቀልቷል። ልጆቹ የራባቸው መስሏቸው ደጋግመው መግበዋቸዋል። ሻጩ ጋ ሲደወል መልሱ ዝግጁ ነበር፦ «ማዘር፣ ዓሣ አዲስ ቤት እስኪለምድ እንዲህ ነው። የሚሞተውን በቅናሽ እንተካልዎታለን።»

ውሸት ነው። ዓሣዎቹ ከራሳቸው በሚወጣው ቆሻሻ እየተመረዙ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣ አሞኒያ ያስወጣል። የተረፈው ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ስንጥብን ያቃጥላል። ሐይቅ ውስጥ ውሃው ብዙ ስለሆነ ይበተናል፤ መስታወት ውስጥ ግን መሄጃ የለውም። እዚህ ዓሣውን የሚያድኑት ባክቴሪያዎች ናቸው። የፊልተሩ ስፖንጅ፣ ድንጋዩና አሸዋው ላይ ይራባሉ። አንዱ ዓይነት አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣል፤ ይሄም መርዝ ነው። ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል፤ ይሄ ካልበዛ ብዙም አይጎዳም። ናይትሬቱን ደግሞ እኛ በየሳምንቱ የተወሰነ ውሃ እየቀየርን እናስወግደዋለን። አዲስ ስፖንጅ ላይ ግን እነዚህ ባክቴሪያዎች ገና የሉም። በቂ ሆነው እስኪራቡ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ውሃው ከቀዘቀዘ ከዚያም ይቆያል።

ይህን ሻጩ በደንብ ያውቃል። የራሱን ሱቅ አኳሪየም እንዲህ አድርጎ ቢይዝ ኖሮ እስካሁን ይከስር ነበር። ታዲያ ለምን በዚያው ቀን ዓሣ ያስገባል? ገዢው ባዶ ውሃ እያየ አንድ ወር መጠበቅ ስለማይፈልግ ነው። ዓሣው ሲሞት ደግሞ ሌላ ዓሣ ይሸጣል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ ፍጡሩ በሞተ ቁጥር የሚያተርፍ ንግድ ነው።

ከምትኩ ጋር ደግሞ «መድኃኒት» ይመጣል። ለጎረቤታችን አንድ ሰማያዊ ፈሳሽ ሸጠውላቸዋል። ሜቲሊን ብሉ ነው። ለአንዳንድ በሽታ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ዋናው አኳሪየም ውስጥ ሲጨመር እነዚያኑ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይጎዳል። አሞኒያ ለሚያቃጥለው ዓሣ መድኃኒቱ ውሃ መቀየርና ምግብ መቀነስ ነው።

ሁለተኛው ተንኮል «ሁሉም ሲክሊድ ናቸው፣ አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ አብረው ይኖራሉ» የሚለው ነው። ቤተሰብ መሆናቸው እውነት ነው። ግን የሲክሊድ ቤተሰብ እጅግ ሰፊ ነው። ከሐዋሳና ከዝዋይ መጥቶ ጠብሰን የምንበላው ቆሮሶ ራሱ ሲክሊድ ነው! የማላዊ ሐይቅ ዓሣዎች ማዕድን የበዛበት፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይጨምራል) ከ7.8 እስከ 8.6 አካባቢ የሆነ ውሃ ይወዳሉ። ኦስካርና ኤንጅል ከአማዞን አካባቢ የመጡ ናቸው፤ እነሱ የለመዱት ለስላሳና ወደ አሲድነት የሚያደላ ውሃ ነው። በፓኬጁ ውስጥ ግን ሁለት ኦስካር፣ ሁለት ኤንጅልና የማላዊ ቢጫዎች አንድ ላይ ገብተዋል። ለማላዊዎቹ ተብሎ ነጭ የኖራ ድንጋይም ተጨምሯል፤ ይህ ድንጋይ ፒኤቹን ከፍ ያደርጋል። ፒኤች ሲጨምር ደግሞ አሞኒያ የበለጠ መርዛማ ይሆናል። ገና ባክቴሪያ ያላፈራ ውሃ ላይ ይህን ማድረግ ጭካኔ ነው።

ኦስካሩ ሲሸጥ የአውራ ጣት ያህል ነው። በመጀመሪያው ዓመት በጣም ፈጥኖ ያድጋል። ሙሉ ኦስካር 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ከ10 ዓመት በላይም ይኖራል። አፉ የሚችለውን ዓሣ ሁሉ ይውጣል። ለአንድ ኦስካር እንኳ ቢያንስ 280 ሊትር ይመከራል። ይህን ለገዢ አለመንገር መረጃ መደበቅ ነው።

ሊትሩንም ራሳችሁ ለኩ። ማስታወቂያው 200 ሊትር ይላል። ሜትር ይዤ ስለካው ርዝመቱ 90፣ ስፋቱ 40፣ ቁመቱ 40 ሴንቲ ሜትር ነው። ሦስቱን አባዙና ለ1,000 አካፍሉ፤ 144 ሊትር ይመጣል። ውሃው አፍ ድረስ አይሞላም፤ ድንጋዩም ቦታ ይይዛል። ስለዚህ የዓሣው እውነተኛ ውሃ 120 ሊትር አካባቢ ነው። ለ200 ከፍለው 120 አገኙ ማለት ነው። ሜትር የሚያስይዝ ሻጭ ከሆነ ጥሩ፤ «አያስፈልግም፣ ስታንዳርድ ነው» ካለ ተነሱና ሂዱ።

ሂተር (የውሃ ማሞቂያ) ደግሞ በፓኬጁ ውስጥ የለም። «ኢትዮጵያ ሞቃት አገር ናት» ይላሉ። እስቲ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊት ኮዬ ወይም ሱሉልታ ደጅ ቁሙ! አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ሲክሊድ የሚፈልገው 25 ዲግሪ አካባቢ ነው። በግምት ለአንድ ሊትር አንድ ዋት ብላችሁ አስቡ፤ ለዚያ አኳሪየም 150 ዋት ሂተር ያስፈልግ ነበር። ከፍታው ሌላም ነገር ያመጣል። አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ በውጭ አገር መመሪያ ላይ ያለውን የዓሣ ብዛት እዚህ መጠቀም አያዋጣም። እኔ ሁልጊዜ ዓሣ አሳንሼ፣ የአየር ፓምፕ ጨምሬ ነው የምይዘው።

አሁን ወደ ወርሃዊ ውሉ ልምጣ። ከሁሉም የከፋው እሱ ነው፤ ብዙ ሰውም የሚወድቅበት እሱ ላይ ነው። ሻጩ «በወር አንዴ መጥተን እናጸዳለን» ብሎ ያስፈርማል። አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር፣ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣለት ሰው ደስ የሚል ቃል ነው። ጽዳቱ ሲመጣ ግን ምን እንደሚያደርጉ ቆማችሁ እዩ። ዓሣዎቹን ባልዲ ውስጥ ይከታሉ። ውሃውን በሙሉ ይደፋሉ። ስፖንጁን ቧንቧ ስር እያጠቡ ይጨምቃሉ፤ አንዳንዱ በረኪናም ይጠቀማል። ከዚያ ከቧንቧ በቀጥታ ይሞላሉ። መስታወቱ ያብረቀርቃል፣ ሁሉም ይደሰታል።

እናቶቻችን ሊጡ ሲያልቅ እርሾውን ደፍተው ቡሃቃውን በሳሙና አያጥቡም፤ ስፖንጁም እንደዚያው ነው። በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ባክቴሪያዎቹን ይገድላል፤ የዓሣውንም ስንጥብ ይጎዳል። በማግስቱ አኳሪየሙ እንደ አዲስ ሆነ ማለት ነው። አሞኒያው እንደገና ይጠራቀማል። ዓሣ ይሞታል። ምትክ ይሸጣል። ውሉ ላይ ደግሞ «ከርክክብ በኋላ ለሚሞት ዓሣ ኃላፊነት አንወስድም» የሚል መስመር አለ። ጎረቤታችን ያሳዩኝ ወረቀት ላይ በትንሽ ፊደል ከታች ተጽፏል።

ትክክለኛው ጽዳት ከዚህ ያነሰ ሥራ ነው። በሳምንት ከውሃው ሩቡን ትቀይራላችሁ። ለ120 ሊትር 30 ሊትር ነው፤ አንድ ጄሪካን ተኩል። የምትጨምሩትን ውሃ ከአንድ ቀን በፊት አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ክፍት አድርጋችሁ አሳድሩ። የአየር ፓምፑን ብታስገቡበት ክሎሪኑ ፈጥኖ ይወጣል። ስፖንጁን ከአኳሪየሙ በቀዳችሁት አሮጌ ውሃ ብቻ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት። ውሃ ከመቅዳታችሁ በፊት ሂተሩን ከሶኬት ንቀሉ። ለዚህ ወርሃዊ ክፍያ አያስፈልግም።

መብራት ሲጠፋ ምን ይሁን የሚለውንም ሻጮቹ አይነግሯችሁም። ፊልተሩ ሲቆም ባክቴሪያዎቹም ኦክስጅን ያጣሉ፤ በተዘጋ ፊልተር ውስጥ በጥቂት ሰዓት መሞት ይጀምራሉ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ይኑራችሁ። ከሌለ በጆግ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱ። መብራት እስኪመጣ አትመግቡ። ሌሊት ከሆነ ብርድ ልብስ ጠቅልሉበት፤ ከላይ ግን አየር ይግባ።

ስለ ቀለሙም ልናገር። ፒኮክ የሚባሉት የማላዊ ዓሣዎች ወንዶቹ ናቸው የሚያምሩት፤ ያውም አድገው ነው። ሴቶቹ ዕድሜ ልካቸውን ግራጫ ናቸው። 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ዓሣዎች በሙሉ ደማቅ ሰማያዊና ቀይ ሆነው ካያችሁ ሆርሞን ተሰጥቷቸው ሊሆን ይችላል። በጥቂት ወራት ቀለሙ ይጠፋል። ፓሮት የሚባለው ክብ ዓሣ ደግሞ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ቀለም ተደርጎበት ነው። አትግዙ። ብትገዙ ያን ሥራ እየደገፋችሁ ነው።

አስቀድማችሁ የገዛችሁ ተስፋ አትቁረጡ። የጎረቤታችንን ዓሣዎች ግማሽ ያህሉን አትርፈናል። በየቀኑ ያደረ ውሃ ሩብ ሩቡን ቀየርን። ምግቡን በሁለት ቀን አንዴ፣ በትንሹ አደረግን። ከእኔ ከቆየው ፊልተር አንድ ስፖንጅ ቆርጠን እርጥብ እንዳለ የእሳቸው ፊልተር ውስጥ ከተትን። ዓሣ የሚያረባ ጤነኛ አኳሪየም ያለው ዘመድ ወይም ጓደኛ ካላችሁ ከምንም በፊት ይህን ለምኑት። ያደገባችሁን ኦስካር ግን ወደ ወንዝ ወይም ወደ ቢሾፍቱ ሐይቆች ወስዳችሁ እንዳትለቁ፤ ለነባሮቹ ዓሣዎች አደጋ ነው። ትልቅ አኳሪየም ላለው ሰው ስጡት።

ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትክፈሉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ ገዢው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። 200 ተብሎ 144 ሆኖ የመጣ መስታወት ሲያጋጥማችሁ ይህን አንስታችሁ ተከራከሩ። በቴሌግራም የተጻጻፋችሁትን አታጥፉ፤ ማስታወቂያውንም ስክሪን ሹት አድርጋችሁ ያዙ። የሻጩን ስም እዚህ አልጠራም፤ እንዲህ የሚሸጠው አንድ ሰው ብቻ አይደለም።

ቀብድ ከፍላችሁ ርክክብ የምትጠብቁ ካላችሁ ዛሬውኑ ደውሉ። «መስታወቱንና ፊልተሩን አምጡ፣ ሂተር ጨምሩ፣ ዓሣዎቹን ግን ከስድስት ሳምንት በኋላ ራሴ መጥቼ እመርጣለሁ» በሉ። እስከዚያ ፊልተሩን ሳታጠፉ፣ በየሁለት ቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ውሃው ውስጥ ጣሉ፤ ባክቴሪያዎቹ እሱ ሲበሰብስ የሚወጣውን አሞኒያ እየተመገቡ ይራባሉ። ሻጩ በዚህ ካልተስማማ ቀብዱን መልሱልኝ በሉት።