ቦኔር፦ ከባሕር ዳር በእግር ገብቶ ለሚጠልቅ ሰው

ጀልባ ሳይጠብቅ፣ የአየር ሲሊንደሩን ተሸክሞ በገዛ እግሩ ውኃ መግባት ለሚወድ ጠላቂ በካሪቢያን ከቦኔር የተሻለ ደሴት የለም። ነጭ አሸዋ ላይ ተጋድሞ መዋል ለሚያምረው ግን አትመከርም። ዳርቻዋ በአብዛኛው የተሰባበረ ኮራል (ደቃቅ የባሕር እንስሳት የሚሠሩት ድንጋይ መሰል ነገር) እና ስለታም ድንጋይ ነው። ቅር ብሏቸው የሚመለሱት አብዛኞቹ ይህን ሳያጣሩ ቲኬት የቆረጡ ናቸው።

ደሴቲቱ ከቬንዙዌላ በስተሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች፤ ስፋቷ 288 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኔዘርላንድስ ልዩ ማዘጋጃ ቤት ስትሆን መገበያያዋ የአሜሪካ ዶላር ነው። ለጠላቂ የምትመችበት ምክንያት ግልጽ ነው። ነፋሱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ከምሥራቅ ይነፍሳል፤ ስለዚህ የምዕራቡ ዳርቻ ተከልሎ ጸጥ ብሎ ይውላል። ወንዝ የላትም፣ ዝናቧም ትንሽ ነው፤ ጭቃ ይዞ የሚወርድ ጎርፍ እምብዛም ስለሌለ ውኃው ጥርት ያለ ነው። ኮራሉም ሩቅ አይደለም፤ ብዙ ቦታ ላይ ጥቂት እንደዋኙ ወለሉ 10 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ቁልቁል ማዘቅዘቅ ይጀምራል። የውኃው ሙቀት ከ26 እስከ 29 ዲግሪ ስለሆነ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ልብስ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል፤ በቀን ሦስቴ አራቴ የሚጠልቅ ግን ሳያስበው እየበረደው ስለሚሄድ ትንሽ ወፈር ያለ ቢይዝ ይሻለዋል።

በዙሪያዋ ያለው ባሕር ከ1979 ጀምሮ የተከለለ ፓርክ ነው፤ ከውኃው ጠርዝ እስከ 60 ሜትር ጥልቀት ይደርሳል። ጠላቂ ሁሉ የተፈጥሮ ክፍያውን ከፍሎ፣ ገለጻ ሰምቶና የመጀመሪያውን የሙከራ ጠለቃ አድርጎ ነው ፈቃድ የሚያገኘው። ጓንት ማድረግ ክልክል ነው፤ ጓንት ያደረገ እጅ ኮራል መጨበጥ ስለሚደፍር ነው። ሞቶ የወደቀ ኮራል እንኳ አንሥቶ መውሰድ አይቻልም። ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የተባሉት ኬሚካሎች ያሉበት የፀሐይ ቅባትም ታግዷል፤ ከቤት ይዘው የሚሄዱ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቀድመው ያንብቡ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፒክአፕ ይከራያሉ፤ ብዙዎቹ በእጅ ማርሽ የሚነዱ ስለሆኑ አውቶማቲክ ብቻ የሚነዳ ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ። ከዳይቭ ሱቁ (የመጥለቂያ ዕቃ ከሚያከራየው) ሲሊንደሮች ጭነው በባሕሩ ዳር መንገድ ይነዳሉ። ስም የተጻፈበት ቢጫ ቀለም የተቀባ ድንጋይ ሲያዩ መጥለቂያ ቦታ ደርሰዋል ማለት ነው። ከባሕር ዳር የሚገባባቸው ቦታዎች ከ50 በላይ ናቸው። ኦክስጅኑ ከተራ አየር ከፍ ያለውን ናይትሮክስ የተባለ ድብልቅ ብዙ ሱቆች ይሞላሉ። እዚህ ላይ ስንፍና አያዋጣም፤ የእያንዳንዱን ሲሊንደር የኦክስጅን መጠን ራስዎ መለካትና ውጤቱን ጽፈው መለጠፍ አለብዎት። 32 ከመቶ ኦክስጅን ያለው ድብልቅ ከ33 ሜትር በታች ይዘውት የሚወርዱት አይደለም።

አደጋ የሚበዛው ጥልቁ ውስጥ ሳይሆን የመጀመሪያዎቹ አምስት ሜትሮች ላይ ነው። ሰው ፊኑን (የእግር መቅዘፊያውን) ጉልበት በሚደርስ ውኃ ውስጥ ቆሞ ለማጥለቅ ሲታገል ትንሽ ማዕበል ይመታዋል፤ ወድቆ ክርኑን ድንጋይ ወይም የባሕር ጃርት ላይ ያሳርፋል። መፍትሔው ሶሉ ጠንካራ ቡት ማድረግ፣ ማስኩን ፊት ላይ ሬጉሌተሩን (የአየር መተንፈሻውን) አፍ ውስጥ አድርጎ፣ የሚነፋውን የመጥለቂያ ጃኬት በግማሽ ነፍቶ መግባት ነው። እግርን ከወለሉ ሳያነሡ እየጎተቱ መራመድና ፊኑን ደረት የሚደርስ ውኃ ውስጥ እየተንሳፈፉ ማጥለቅ። ሲወጡም ይኸው ወደ ኋላ ተገልብጦ ይሠራል። ቆመው ለመራመድ አይቸኩሉ፤ ወለሉ ደረትዎን እስኪነካ ድረስ ተንሳፍፈው ይምጡ።

ሁለተኛው የተለመደ ስሕተት ለመስመጥ የሚታጠቁት ክብደት ነው። የተለመደው የአሉሚኒየም ሲሊንደር ሲሞላ ይሰምጣል፣ ሊያልቅ ሲል ግን 2 ኪሎ ግራም ገደማ ሽቅብ ይስባል። ክብደቱን ጠለቃው ሲጀመር ብቻ የሚያመዛዝን ሰው መጨረሻ ላይ ለደኅንነት ሲባል 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ መቆየት አቅቶት ይንሳፈፋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ሲሊንደሩ ውስጥ 50 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲቀር፣ እዚያው 5 ሜትር ላይ መመዘን ነው።

ሞገዱ፣ ማለትም የባሕሩ ውስጥ ፍሰት፣ ብዙ ጊዜ ደካማ ቢሆንም አቅጣጫው ይለዋወጣል። ወደ ጥልቁ ከመውረድዎ በፊት ቆም ብለው ለስላሳው ኮራል ወዴት እንደሚያዘነብል ይዩ፤ ጉዞውን ሞገዱን ተቃርነው ይጀምሩ። በ200 ባር የጀመረ 130 ላይ ይመለስ። የገቡበትን ቦታ የሚያስታውስ ምልክትም ይያዙ፤ የጀልባ ማሰሪያው ገመድ የታሰረበት ብሎክ ወይም ለየት ያለ ኮራል። መውጫውን ያጣ ሰው ሌላ ቦታ ስለታም ድንጋይ ላይ ለመውጣት ይገደዳል፤ ቁስሉ የሚመጣው ያኔ ነው።

ከቦታዎቹ ውስጥ ሂልማ ሁከርን ሳያዩ መመለስ አይገባም። 72 ሜትር ርዝመት ያላት ይህች የጭነት መርከብ ማሪዋና ጭና ተይዛ፣ በሴፕቴምበር 1984 ሰጥማ፣ በቀኝ ጎኗ ተኝታለች። ወለሉ 30 ሜትር ስለሆነ ጊዜው በፍጥነት ያልቃል፤ ሆዷ ውስጥ መግባት ሥልጠናው ለሌለው ሰው አይደለም። የጨው መጫኛው ድልድይ ሥር መጥለቅ የሚቻለው መርከብ ሳይኖር ብቻ ነው። ምሰሶዎቹ ስፖንጅ በተባሉ የባሕር እንስሳት ተሸፍነው፣ ብርሃን በመካከላቸው ሲወርድ የሚታየው ውበት የትም አይገኝም። በስተሰሜን ያለው «1000 ደረጃ» ስሙ ያስፈራል እንጂ ደረጃዎቹ 70 እንኳ አይሞሉም። ሲሊንደር ተሸክሞ መመለሱ ግን ቀላል አይደለም፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰው በደቡቡ ዳርቻ ያሉትን ይምረጥ።

ማታ ሲጠልቁ ታርፖን የተባሉት ትላልቅ ዓሦች የባትሪዎን ብርሃን ተከትለው ያድናሉ። የተኛ ዓሣ ላይ ብርሃን ማሳረፍ ለሞት አሳልፎ መስጠት ነው። ጨረቃ ሙሉ ከሆነች ከ2 እስከ 5 ቀናት በኋላ፣ ፀሐይ ከጠለቀች 45 ደቂቃ ገደማ ሲሆን ባትሪውን ያጥፉ። ኦስትራኮድ የተባሉ ደቃቅ ፍጥረታት በተንጠለጠለ ዶቃ መልክ ሰማያዊ ብርሃን ይረጫሉ። የጉዞውን ቀን ለዚህ ሲባል ማስተካከል ይገባዋል እንላለን።

ጉድለቶቿም ይነገሩ። በ2023 ድንጋያማውን ኮራል የሚገድለው በሽታ ተገኝቶባታል፤ በፊት የተነሡ ፎቶዎችን ብቻ አይቶ የሚሄድ ሰው ያዝናል። ስለዚህ በቀኑ መጀመሪያ በሽታ ያልታየበት ቦታ ይጥለቁ፣ ዕቃዎን በተዘጋጀው መድኃኒት ይንከሩ። ሌላው የመኪና ሌብነት ነው። መስኮት እንዳይሰበር ሰው በሩን ሳይቆልፍ፣ ውስጡ አንዳች ነገር ሳይተው ይሄዳል። ፓስፖርትና ስልክ ማረፊያዎ ይቅሩ። ኤሌክትሮኒክ ቁልፍ ውኃ ይበላሽበታልና ሲከራዩ ተራ የብረት ቁልፍ ያለውን መኪና ይጠይቁ። ነፋሱ ከስንት አንዴ ሲገለበጥም የምዕራቡ ዳርቻ በማዕበል ይመታል፤ ለነዚያ ቀናት ከባሕር ዳር መግባት ይቆማል። አውሎ ነፋስ የሚያዘወትረው መስመር ውስጥ አለመሆኗ ግን ትልቅ ጥቅም ነው። ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል ዋጋው ይወደዳል፤ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ረከስ ይላል፣ ሙቀቱና ትንኙ ግን ይበረታል።

ከውኃ ውጭ ያለው ተፈጥሮ ለሁለት ቀን ይበቃል። ላክ ቤይ ጥልቀት የሌለው ባሕረ ሰላጤ ነው፤ ማንግሮቭ በተባሉ የጨው ውኃ ዛፎች መካከል በካያክ (ጠባብ ታንኳ) ሲቀዝፉ ከሥራቸው የተጠለሉ ጫጩት ዓሦች ይታያሉ። በደቡብ ያሉት ሮዝ የጨው ኩሬዎች አጠገብ ፍላሚንጎ የተባሉት ወፎች የሚዋለዱበት ጥብቅ ቦታ አለ። መግባት አይቻልም፤ ከመንገድ ሆነው በመነጽር ይመልከቱ። እዚያው መንገድ ላይ በ1850 የተሠሩትን የባሪያ ጎጆዎች ያገኛሉ፤ ትልቅ ሰው አጎንብሶ ነው የሚገባባቸው። ጨው ሲዝቁ የዋሉ ሰዎች ያደሩባቸው ናቸውና ቆም ብሎ ማየት ይገባል። ማታ በዚህ መንገድ ሲነዱ አህዮች ድንገት ይገባሉ፤ ቀስ ይበሉ።

በሰሜን ያለው ዋሽንግተን ስላግባይ ፓርክ ረጅሙ መንገድ 34 ኪሎ ሜትር፣ አጭሩ 24 ነው፤ ሁለቱም ኮረኮንች ስለሆኑ ከፍ ያለ መኪና ያስፈልጋል። የደሴቲቱ ከፍተኛ ተራራ ብራንዳሪስ 241 ሜትር ነው፤ መውጣት የሚፈቀደው ከቀትር በፊት ለጀመረ ብቻ ነው፤ ጥላ የለም፣ ውኃ በደንብ ይያዙ።

አንደኛው ወገን የማይጠልቅ ባልና ሚስት ጎረቤቷን ደሴት ኩራሳኦን ይምረጡ። አሸዋማ ባሕር ዳሯ ብዙ ነው፤ ከተማዋ ቪለምስታድም ለብቻዋ ሁለት ቀን ታውላለች። ሁለቱም የሚጠልቁ ከሆነ ቦኔር፤ አንድ ሳምንት አይበዛም።

ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት የያዘ ሰው ደሴቲቱ የሼንገን ክልል አካል አለመሆኗን ይወቅ። የኔዘርላንድስ የካሪቢያን ክፍል የራሱ የቪዛ ደንብ ስላለው ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት የኔዘርላንድስን ኤምባሲ ይጠይቁ።

የመጨረሻው ቀን ለብራንዳሪስ ይሁን። በተከታታይ ቀናት የጠለቀ ሰው፣ በሰውነቱ ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን እንዲወጣ፣ አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት ከውኃ መውጣት አለበት፤ ሙሉ ቀን ቢሆን ይመረጣል። ወደ ኩራሳኦ የሚደረገው አጭር በረራም በረራ ነው። ለኛ ደግሞ ተጨማሪ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ ይህም ከአውሮፕላን ውስጥ የአየር ግፊት ጋር የሚቀራረብ ነው። ጅቡቲ ጠልቆ በዚያው ቀን በመኪና ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ ሰው ሰውነቱን ልክ እንደተሳፋሪ ያስጨንቀዋል፤ እሱም ያንኑ 18 ሰዓት ይጠብቅ።