በጎጃም የነጻ ዓይን ቀዶ ሕክምና ዘመቻ፦ ምኑ ይመሰገናል፣ የት ይጎድላል?

የዓይን ቀዶ ሕክምና ዘመቻ ሲጠራ ከቋሪትም፣ ከደብረ ኤልያስም፣ ከሸበል በረንታም ሰው በልጁ እየተመራ ይመጣል። ሁለት ሥራ ይበዛል፤ የዓይን ሞራ ማውጣትና በትራኮማ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍት ማስተካከል። ቀዶ ሕክምናው ራሱ በጥቅሉ ጥሩ ነው። ችግሩ የሚመጣው ቡድኑ ዕቃውን ጠቅልሎ ከሄደ በኋላ ነው።

ለሞራ በዘመቻ የሚሠራበት በአብዛኛው ስፌት የማይፈልገው የእጅ ዘዴ ነው። ዓይኑ ይደነዝዛል፣ ጀርም የሚገድል 5 በመቶ ፖቪዶን አዮዲን ጠብ ተደርጎበት 3 ደቂቃ ያህል ይቆያል፣ ከነጩ ክፍል ላይ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ተከፍቶ ሞራው ይወጣና ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል። በሠለጠነ እጅ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። «በማሽን (ሞራውን በድምፅ ሞገድ ሰባብሮ በሚያወጣው) ካልሆነ አልሠራም» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፣ በማሽን ሲሆን ቁስሉ ከ3 ሚሊ ሜትር ያንሳል። ግን ለዓመታት ቆይቶ ጠንክሮ ለጠቆረ ሞራ፣ ገጠር የሚበዛውም እሱ ነው፣ የእጁ ዘዴ አስተማማኝ ስለሆነ በዚህ ምክንያት ወረፋ መልቀቅ አያዋጣም።

ይልቅ መጠየቅ ያለበት ዓይኑ ተለክቶ እንደሆነ ነው። ርዝመቱ በኤ-ስካን (በአልትራሳውንድ መለኪያ)፣ የብሌኑ (የዓይኑ ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን) ጉብጠት በኬራቶሜትር ይለካል። የርዝመት ልኬት በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሳሳት የሌንሱ ቁጥር እስከ 3 ዲዮፕተር (የሌንስ ጉልበት መለኪያ) ይዛባል። ልኬት ተዘሎ ለሁሉም አንድ ቁጥር ከገባ፣ ሞራው ወጥቶም ሰውየው ያለ መነጽር ብዥ እንዳለበት ይቀራል። በግላኮማ (የዓይን ነርቭን በሚጎዳው በሽታ) ነርቩ የሞተ ዓይን ደግሞ ሞራው ቢወጣም አያይም። ባትሪ ሲበራበት ብርሃኑን ጨርሶ ለማይለይ ዓይን «ታያለህ» ብሎ ማስተኛት በደል ነው።

በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ከሚያጋጥሙት ዋናው ከሌንሱ ጀርባ ያለው ስስ ሽፋን መቀደድ ነው። ያኔ ሌንሱ በቦታው ላይቀመጥ ይችላል። ለቤተሰቡ ይህን በግልጽ የሚነግር ቡድን ምስጋና ይገባዋል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ዓይን ውስጥ የሚገባ ኢንፌክሽን ነው። በብዛት አይከሰትም፣ ከተከሰተ ግን ዓይን ያጠፋል። በማግስቱ ትንሽ መቅላትና አሸዋ የገባ ዓይነት ስሜት ያለ ነው። ሕመሙ ከቀን ወደ ቀን እየባሰ ከሄደ፣ አይቶ የነበረው ዓይን ከጨለመ፣ የዓይን ቆቡ ካበጠ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን የዓይን ስፔሻሊስት ያለበት ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። መድኃኒቱ ዓይን ውስጥ የሚወጋ አንቲባዮቲክ ስለሆነ ጤና ጣቢያ ላይ በክኒን አይሞከርም። አደጋው የሚበዛው በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ብዙ ዘመቻ የሚበተነውም በዚያው ሳምንት ነው። ተከታይ ሰው ሳይመድብ የሚሄድ ቡድን ሥራውን በግማሽ ጥሎ እንደሄደ እንቆጥረዋለን።

ጠብታውም ሌላ ችግር አለበት። ከሞራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ቁጣውን የሚያበርደው የስቴሮይድ ጠብታ የሚታዘዘው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነው። አንድ ባለ 5 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ 100 ጠብታ ገደማ ይወጣዋል፤ በቀን 4 ጊዜ ቢጨመር እንኳ ምንም ሳይባክን 25 ቀን ነው። ሁለተኛ ብልቃጥ ካልተሰጠ ስቴሮይዱ በድንገት ይቋረጥና ዓይኑ መልሶ ይቆጣል። እናቶች ለአንድ ወር ያህል ከምጣድ ጭስ ይራቁ። ጠበልም እስከዚያው መጠጣት ይቻላል፤ ፊት ላይ መጠመቁ ግን ቁስሉ እስኪድን ይቆይ።

ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ «ሞራው ተመለሰ» የሚሉ አሉ። የወጣ ሞራ አይመለስም፤ የደፈረሰው ከሌንሱ ጀርባ የቀረው ሽፋን ነው፤ ያግ በሚባል የሌዘር ጨረር በደቂቃዎች ይከፈታል።

የሽፋሽፍቱ ሥራ በሠለጠኑ ነርሶችም ይሠራል፤ ይህ ደግሞ ይበል የሚያሰኝ ነው፤ በወረንጦ እየነቀለች ዓመታት ለኖረች ሴት እፎይታው ቅርብ ይሆናል። ነገር ግን ሽፋሽፍቱ ተመልሶ የሚታጠፍበት ጊዜ ብዙ ነው። በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአማራ ክልል 1,000 ሰዎችን ያሳተፈ ጥናት ታትሟል። ቆቡን ሙሉ ለሙሉ ቆርጦ በሚገለብጠው ዘዴ በአንድ ዓመት ውስጥ 22 በመቶው ተመለሰበት፤ ከውስጥ በኩል ብቻ በሚቆርጠው 13 በመቶ። ስለዚህ በየትኛው እንደሚሠራ መጠየቅ ተገቢ ነው። ቶሎ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ ቁርጡ እስከ ቆቡ ጫፍ ሳይደርስ ቀርቶ ወይም ስፌቱ ላልቶ ነው። የማይሟሟ የሐር ክር ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ካልወጣ ይመግላል፣ ሥጋም ያበቅላል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አንድ ጊዜ የሚዋጥ 1 ግራም አዚትሮማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ የመመለሱን ዕድል እንደሚቀንስ ታይቷል፤ ካልተሰጠ ይጠየቅ። ደግሞ ይህ ሥራ መውጋቱን ያስቆማል እንጂ ብሌኑ ላይ ያለውን የቆየ ጠባሳ አያጠፋም።

አዘጋጆች «ይህን ያህል ሰው ሠራን» ሲሉ፣ ስንቱ እንዳየ ይጨምሩልን። ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ የሞራ ቀዶ ሕክምና ከተሠራላቸው ቢያንስ 80 በመቶው 6/18 (ጤናማ ዓይን ከ18 ሜትር የሚያየውን ከ6 ሜትር ማየት) እና ከዚያ በላይ እንዲያዩ፣ ከ6/60 በታች የሚያዩት ከ5 በመቶ እንዳይበልጡ ይል ነበር። ታካሚው ደግሞ ከግቢ ሳይወጣ ካርዱ ላይ የተሠራው ዓይን ቀኝ ይሁን ግራ፣ ቀኑ፣ የሌንሱ ቁጥርና ቢያመው የሚደወልበት ስልክ ይጻፍለት።