የአያቴን የሸክላ ቤት በኖራ ካስጠገንኩ ዘጠኝ ወር ሞላኝ

ባለፈው ጥቅምት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለውን የአያቴን ቤት በኖራ አስጠገንኩ። ከዚያ ወዲህ የበልግ ዝናብ ወርዶበታል፣ የግንቦትና የሰኔ ሙቀትም አልፎበታል። አሁን ሐምሌ ነው፤ ስለ ኖራ አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ።

መጀመሪያ ቤቱን ላስተዋውቃችሁ። አያቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ድሬዳዋም ብትሆን የባቡር ልጅ ናት፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 እዚህ ሲደርስ ነው የተቆረቆረችው። የከዚራ ቀጥ ያለ መንገድና ጥላው ከዚያ ዘመን የመጣ ነው። ቤታችን መሠረቱ ድንጋይ፣ ግድግዳው ሸክላ ነው። ውፍረቱ ግማሽ ሜትር ይጠጋል። ኮርኒሱ ከፍ ያለ ነው፣ ከፊት ለፊት ሰፊ በረንዳ አለው። ሸክላውን ጠጋ ብላችሁ ብታዩት አንዱ ረድፍ በቁመቱ፣ ከላዩ ያለው በጭንቅላቱ ተደርድሯል። በጭንቅላቱ የገባው ሸክላ የውጩንና የውስጡን ግንብ አንድ ላይ ያስራል። መሀሉን የያዘው ደግሞ ኖራና አሸዋ ነው፤ ሲሚንቶ የለበትም።

በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ ከጓሮ ያሉትን ሁለት የኪራይ ክፍሎች አጣን። የፊቱ ቤት ግን ቀረልን። አባቴ እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያየው። ጉዳቱን ያመጣውም ይኸው ስስቱ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት አንድ ኮንትራክተር «ይጠንክርልዎት» ብሎ የግድግዳውን ታችኛውን ክፍል በሲሚንቶ ለሰነው። ሦስት ክረምት እንኳን አልቆየም። ልስኑ አበጠና ከሸክላው ፊት ጋር እየተገነጠለ ወደቀ። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ቀይ ዱቄት እጠርግ ነበር።

አንድ ሽማግሌ ግንበኛ አመጣሁ። ግድግዳው ላይ የወጣውን ነጭ ነገር በጣቱ ጫር አደረገና «ልጄ፣ ቅመሺው» አለኝ። ቀመስኩት። ጨው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እርጥበት ከመሬት ተስቦ ግድግዳው ውስጥ ይገባል። ሲሚንቶው እንደ ልቡ ስለማያስወጣው በሸክላው በኩል መውጫ ይፈልጋል። ውሃው ይተንና ጨው ይቀራል፤ ጨዉ ሸክላው ውስጥ ሲጠጥር ፊቱን ገፍቶ ይጥለዋል። ኖራ ለስለስ ያለ ነው፣ እርጥበቱን ያሳልፈዋል። ማለቅ ካለም ኖራው ነው የሚያልቀው፤ እሱ ደግሞ ይተካል። የመቶ ዓመት ሸክላ ከየት ይመጣል?

ሥራው ትዕግስት ይፈልጋል። ጥሬው ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ዓይን ያጠፋል፤ ልጆች አታስጠጉ። ጓሮ ጉድጓድ ቆፍረን ለሳምንታት ውሃ ውስጥ አቆየነው፤ ሲወጣ እንደ እርጎ ሆኗል። ከዚያ አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ። ኖራ የሚጠነክረው ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው። የድሬ ፀሐይ ቶሎ ካደረቀው አለቀለት። ስለዚህ ግድግዳውን በጆንያ ሸፍኖ ጠዋትና ማታ ውሃ ማርከፍከፍ ግድ ነው። እኔ ለቅሶ ሐረር ሄጄ ሁለት ቀን ሳይርስ ቀረ። በምዕራብ በኩል ያለው ግድግዳ የሸረሪት ድር መሰለ። ያን ክፍል እንደገና አስለስነዋል፣ ወጪው እስካሁን ይቆጨኛል።

ዘጠኝ ወር ላይ ምን አየሁ? ቀዩ ዱቄት ቀርቷል። ሳሎኑ ሲዘንብ የሚሸተው የሻጋታ ሽታ ጠፍቷል። ከበልጉ በኋላ ታች አካባቢ ትንሽ ነጭ ጨው ወጥቶ ነበር፤ በደረቅ ብሩሽ አራገፍኩት፣ ሸክላው ንክች አላለም። ቤቱ ከሰዓት በኋላ ቀዝቃዛ ነው፣ ማታ ደግሞ ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ይተፋል። በግንቦት ሁላችንም ግቢ ነው ያደርነው። ይህ ከኖራው ጋር አይገናኝም፣ ወፍራም ግድግዳ ያለው ቤት ሁሉ ጠባዩ ነው።

የማልወድለት ነገርም አለ። የተቀባው ኖራ ልብስ ይነካል፤ ጥቁር ነጠላ ለብሶ መደገፍ አይቻልም። በየሁለት ዓመቱም መቀባት ይፈልጋል። ከሁሉ የከበደኝ ግን ባለሙያ ማግኘት ነው። ወጣቶቹ ግንበኞች ብሎኬትና ሲሚንቶ እንጂ ይህን አልተማሩም። ሽማግሌውን ለምኜ ሁለት ልጆች አብረውት እንዲሠሩ አደረግኩ፤ አንደኛው አሁን ብቻውን መለሰን ይችላል።

ሲሚንቶው ያልተነሳለት የጓሮው ግድግዳ ይቀረኛል። ኖራው ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ለብሶ ተቀምጧል። ክረምቱ ይውጣና መስከረም ላይ እንጀምራለን።