የሞራል ካሳ ጣሪያው 1,000 ብር ነው ብለው እቅጩን ነገሩን

አክስቴ ዓባይ ማዶ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። ባጃጅ ገጭቷት እግሯ ከተሰበረ ወዲህ ምጣድ ሥር መቀመጥ አቅቷታል፤ ሌሊት ሕመሙ አያስተኛትም። መጀመሪያ የሄድንበት ጠበቃ «ለሞራሏ ብቻ 300 ሺህ ብር አስፈርዳለሁ» ብሎ ቀብድ ተቀበለን። በኋላ ሰው ጠቁሞን ወደ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ሄድን። ይህን የምጽፈው ስለ እነሱ ነው።

ያስተናገደን ልጅ ወጣት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ገልጦ ወደ አክስቴ አዞረላትና ቁጥር 2116 ላይ ጣቱን አሳረፈ። «እናቴ፣ አልዋሽዎትም። ለሕመምዎና ለሐዘንዎ ሕጉ የሚፈቅደው ቢበዛ 1,000 ብር ነው።» ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ያኔ ጥማድ በሬ የሚገዛ ብር ዛሬ ለአንድ ቀን ጋገራዋ የሚሆን ጤፍ አይገዛላትም። አክስቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብስባ ዝም አለች። እኔ አንጀቴ አረረ። የሰው ስቃይ በዚያ ዘመን ዋጋ መተመኑ ግፍ ነው፤ ይህ አንቀጽ መሻሻል አለበት!

ልጁ ግን እዚያ ላይ አልተወንም። ለሌላው ጉዳት እንዲህ ያለ ጣሪያ የለም፣ ካሳው ከደረሰው ጉዳት እኩል መሆን አለበት፣ ወደፊት መድረሱ የማይቀረውም ይታሰባል አለን። በፌስታል ያመጣነውን ደረሰኝ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ የመድኃኒቱን ለብቻ፣ የራጁን ለብቻ፣ የክራንቹን ለብቻ ለየው። የእንጀራ ገቢዋስ? ለሱ ደረሰኝ የላትም። ልኩ በትክክል ካልታወቀ ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ነው ባለው ልክ ይወስነዋል፣ ስለዚህ ደንበኞቿንና ጎረቤቶቿን ለምስክርነት አዘጋጁ አለን። ደግሞ እኛ ሹፌሩን ብቻ ነበር የምናስበው፤ ለካ በሕጉ የባጃጁ ባለቤትም ተጠያቂ ነው።

አንድ ሳንቲም አልተቀበሉንም። ከሁሉ በላይ የወደድኩላቸው ግን ለአክስቴ እውነቱን ፊት ለፊት መናገራቸውን ነው። አቅም የሌለው ዘመድ ካላችሁ ሳታመነቱ ውሰዱት። የሐኪም ማስረጃውንና ደረሰኙን እንዳትረሱ፤ ክሱ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበትና ዛሬ ነገ አትበሉ።