ቤታችሁ ትርፍ እንጨት ካለ ሳትማግዱት ይሄንን አንብቡ (ጀሞ ላሉት አናጢ ምስጋና)

ሰላም ለሁላችሁ እንዴት ናችሁ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ትንሽዬ እንጨት ቤት ያላቸው አንድ አናጢ አሉ፣ ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ ዝም ብዬ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ እሳቸውን በሰው ፊት ማመስገን እፈልጋለሁ፣ እግረ መንገዴንም ለናንተ ልጠቁም።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ እናቴ ጋ የማድቤቱ ጣሪያ ሲታደስ ሞራሌ (አራት ማዕዘን ሆኖ የተሰነጠቀ ቋሚ እንጨት) እና ጣውላ ተረፈ፣ አንዳንዱ ሜትር የማይሞላ ቁርጥራጭ ነው፣ ሌላው ደግሞ ቤቶን የተሞላበት ሲሚንቶ የያዘ ጣውላ፣ ለማገዶ ተብሎ ግቢ ጥግ ተቆልሎ ነበር። እናቴ ቡና ስታፈላ ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰባል መቀመጫ ግን የለም፣ እና አግዳሚ ይስሩልኝ ብዬ ነው ጋሼ ጋ የሄድኩት። የእንጨቱን ፎቶ አየት አደረጉና ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው፣ "ልጄ ይሄ ለኔ የግማሽ ቀን ስራ ነው፣ አንቺ ብትሰሪው ግን ሞያ ይሆንሻል፣ አምጪውና እዚሁ እኔ ጋ ስሪው"። ገንዘብ የሚያገኝበትን ስራ ትቶ ላስተምርሽ የሚል ባለሙያ ስንት አለ በናታችሁ?

መጀመሪያ ያስያዙኝ መጋዝ እንዳይመስላችሁ፣ ጉጠት ነው። ሚስማሩን አንድ በአንድ አስነቀሉኝ፣ ሲሚንቶውን በሽቦ ብሩሽ አስፋቁኝ፣ ምክንያቱም አንድ ተደብቆ የቀረ ሚስማር የመጋዝ ጥርስ ይሰብራል፣ ሲሚንቶ ደግሞ የመላጊያውን ስለት ወዲያው ነው የሚያደንዘው። እርጥብ የነበረውን ባህርዛፍ ለብቻ አወጡና "ይሄ ሲደርቅ ይጣመምብሻል፣ ጥላ ስር ይክረም" ብለው መለሱልኝ።

አሰራሩ ለጀማሪ የሚከብድ አይደለም። እግሮቹ 5 በ7 ሞራሌ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 42 ሳንቲም፣ ላዩ ላይ የሚመጣው ጣውላ 3 ሳንቲም ስለሆነ ድምሩ 45 ይመጣል፣ ለአዋቂ ሰው ጉልበት የሚመች ከፍታ ማለት ነው። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ20፣ መቀመጫው ሶስት ጣውላ ሆኖ በመሀላቸው ግማሽ ሳንቲም ክፍተት አለ፣ ደጅ ስለሚውል ዝናቡ እንዳይቋጥርበት። ብሎን ከመግባቱ በፊት ከብሎኑ ቀጠን ባለ ድሪል ይበሳል፣ አለበለዚያ ደረቅ እንጨት በተለይ ጫፉ ላይ ይሰነጠቃል። ኮላ ይቀባል፣ በሞርሳ (ጠምዝዞ አጥብቆ በሚይዝ መሳሪያ) ይያዝና እስከ ማግስቱ አይነካም። በጣም የወደድኩት ግን የፍሬሙ፣ ማለትም መቀመጫውን የሚሸከመው አራት ማዕዘን ነገር ነው፣ ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱን ለማወቅ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ሁለቴ ለኩት፣ ሁለቱ ልኬት እኩል ከሆነ ቀጥ ብሏል፣ ካልሆነ የረዘመውን በኩል ገፋ ገፋ አድርጎ ማስተካከል ነው፣ አለቀ። ከዛ ብርጭቆ ወረቀት፣ 80 ቁጥር ከዛ 120፣ ሁሌም እንጨቱ በሄደበት አቅጣጫ፣ ከዛ ቫርኒሽ።

ስለ ጋሼ ትግስት ግን ምን ልበላችሁ። መጋዙን አንዴም ከእጄ ላይ አልነጠቁኝም፣ ጠጋ ይሉና ክርኔን አስተካክለው "አትጫኚው፣ ራሱ ይሄዳል" ብቻ ነው የሚሉት፣ እውነትም ይሄዳል። ደንበኛ እየጠበቃቸው እንኳን እኔ ስጠይቅ ዞር ብለው ይመልሱልኛል። አንድ ፈርኒቸር ቤት ለእንደዚህ አይነት አግዳሚ የጠራብኝን ዋጋ ስነግራቸው ሰው አላሙም፣ "እንጨት ተወዷል ልጄ፣ ያለሽን አትጣይ" አሉኝ። አሁን ሶስት ሰው ተደላድሎ ይቀመጥበታል፣ እናቴ ለመጣ ሰው ሁሉ ልጄ ናት የሰራችው እያለች ጋሼን ሳያዩዋቸው ትመርቃቸዋለች። ጋሼ እድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ እጅዎ ይባረክ፣ ከልቤ ነው።

ያስከፈሉኝ የብሎን የኮላና የቫርኒሹን ብቻ ነው፣ የድካማቸውን እኔ ነኝ በግድ የሰጠሁት፣ እናንተም ስትሄዱ እንደዛው አርጉ፣ ጊዜያቸው እንጀራቸው ነው። በተለይ ሴቶች ይሄ የወንድ ስራ ነው ብላችሁ እንዳትፈሩ፣ እዛ ቤት እንደዛ የሚል ሰው የለም።

የምትፈልጉ ኢንቦክስ አርጉልኝ ቦታውን እነግራችኋለሁ። ጠዋት ስራ ይበዛባቸዋል ከሰዓት ሂዱ፣ እንጨቱን ደግሞ ሚስማሩን ቤታችሁ ነቅላችሁ ውሰዱት።