ለዋና የሚታሰር ውድ ሰዓት፦ ኦሜጋ ሲማስተር ዳይቨር 300 ኤም እና ተፎካካሪዎቹ በድሬ ሙቀት

ድሬዳዋ ተቀምጦ አንድ ውድ ሰዓት ብቻ ይዞ ቢሮም፣ ሰርግም፣ መዋኛ ገንዳም፣ በባቡር ወርዶ ጅቡቲ ባህር ዳርም መዋል ለሚፈልግ ሰው የመጀመሪያ ምርጫችን ኦሜጋ ሲማስተር ዳይቨር 300 ኤም ነው። ሮሌክስ ሰብማሪነር ከእሱ አያንስም፤ የዚያው የሮሌክስ ዴትጀስትም ለገንዳ ይበቃል። የኦሜጋው ስፒድማስተርና የካርቲየር ታንክ ግን ምንም ቢያምሩ በዋና ቀን ቤት የሚቀመጡ ሰዓቶች ናቸው። ይህን የሚወስነው ዋጋቸው አይደለም። ከጎን ያለችው መሙያ፣ ከሥሯ ያለው ጎሚኒ (ውሃ የሚከለክለው ላስቲክ) እና ሰዓቱን መጨረሻ የከፈተው ሰው ናቸው።

በመጀመሪያ የሜትሩን ነገር እናጥራ። ገጹ ላይ 30 ሜትር ተብሎ ከተጻፈ ሰዓቱ 3 ባር ግፊት ተችሏል ማለት ነው፤ በየ10 ሜትሩ ውሃ አንድ ባር ገደማ ይጨመራልና። ግን እንዴት ተፈተነ? ለአዘቦት ሰዓቶች የወጣው ዓለም አቀፍ መለኪያ፣ አይኤስኦ 22810፣ ሰዓቱ የተጻፈበትን ግፊት ለ10 ደቂቃ እንዲችል ነው የሚጠይቀው። ያውም አዲስ ሰዓት፣ ጎሚኒው ያልደረቀ፣ ምንም ያልነካው። ለጠላቂዎች የወጣው አይኤስኦ 6425 ሌላ ዓለም ነው፦ ከተጻፈው ግፊት 25 በመቶ በላይ ተጭኖ ለ2 ሰዓት ይቆያል፤ በሊትር 30 ግራም ጨው ባለው ውሃ ውስጥ 24 ሰዓት ይነከራል፤ ከ40 ዲግሪ ውሃ ወደ 5 ዲግሪ፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ 40 ይገባል። ስለዚህ በ30 እና በ300 መካከል ያለው የዜሮ ልዩነት ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ በየቦታው የሚደጋገም አባባል አለ፦ «እጅ ውሃ ሲመታ ግፊቱ በብዙ እጥፍ ስለሚጨምር ነው 30 ሜትሩ ሰዓት ውሃ የሚያስገባው» ይባላል። ሒሳቡ ግን አይደግፈውም። እጅ በሰከንድ 5 ሜትር ፍጥነት ውሃውን ቢመታ የሚጨመረው ግፊት 0.125 ባር ገደማ ነው። ይህ አንድ ሜትር ከሩብ ከመጥለቅ አይበልጥም። ሰዓቱን ውሃ የሚያስገባው ሌላ ነገር ነው፦ የደረቀ ጎሚኒ፣ በደንብ ያልተገፋች መሙያ፣ ገንዳው ጠርዝ ላይ የተመታ ጎን፣ ውሃ ውስጥ የተነካ ቁልፍ። አምራቾች ለ30 ሜትር ሰዓት «ከእጅ መታጠብና ከዝናብ አትለፉ» የሚሉት ለእነዚህ ሁሉ መጠባበቂያ ስለሌለው ነው።

ወደ ሲማስተሩ እንምጣ። 42 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ መስታወቱ ሳፋየር፣ ተሽከርካሪው ቀለበት ሴራሚክ ነው፤ ገጹ ላይ ያሉት የማዕበል መስመሮች በሌዘር የተቀረጹ ናቸው። ውስጡ ያለው ማሽን፣ ካሊበር 8800፣ ሙሉ ሲሆን 55 ሰዓት ይሄዳል፤ በስዊስ የሥነ ልክ ተቋም፣ በሜታስ፣ የተፈተነ ነው፤ ከፈተናዎቹ አንዱ ደግሞ ውሃ ውስጥ የሚደረግ ነው። ለእኛ ዋናው ግን በ3 ቁጥር በኩል ያለችው መሙያ ናት፤ በጥርስ የምትታሰር ናት። ወደ ግራ ሲያዞሯት ጥርሱን ለቃ በራሷ ስፕሪንግ ትወጣለች። ስትዘጋ ነው ጥፋት የሚመጣው። በጣት ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ መግፋት፣ መጀመሪያ ወደ ግራ ትንሽ ማዞር፣ ጥርሱ ጥርሱ ላይ ሲወድቅ ቀጭን መዝለል በጣት ይሰማል፤ ያኔ ብቻ ወደ ቀኝ ማሰር። ሁለት ሦስት ዙር ሄዳ ጠንከር ስትል መተው። ተጣማ ከገባች በኃይል ማሰር አይገባም፦ ጥርሱ ከተበላ መሙያዋን ብቻ ሳይሆን የምትገባበትን ቱቦም ማስቀየር ያስፈልጋል። ውሃ ውስጥ ሆኖ መፍታትማ አይታሰብም፤ ይህ ለየትኛውም ሰዓት ይሠራል።

ነቀፌታም አለን። መሙያዋን ከግራና ከቀኝ የሚጠብቃት ብረት ስለሚከልላት ላብ ያረሰው ጣት በቀላሉ አይጨብጣትም፤ ለድሬ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ተሽከርካሪው ቀለበትም ጠርዙ እንደ ማዕበል ስለተቆረጠ በርጥብ እጅ ይንሸራተታል። በ10 ቁጥር በኩል ያለችው ሁለተኛ ቁልፍ የሂሊየም ጋዝ ማስወጫ ናት፤ በግፊት ክፍል ውስጥ ሂሊየም ያለበት አየር እየተነፈሱ ቀናት ለሚያሳልፉ ጠላቂዎች የተሠራች ናት። ገንዳ ለሚዋኝ ሰው ምንም አትጠቅመውም፤ ውሃ ሊገባበት የሚችል አንድ ተጨማሪ ቀዳዳ ብቻ ናት። ተዘግታ ትኑር፣ ልጆችም አይጫወቱባት።

ሮሌክስ በዚህ ጉዳይ ታሪክ አለው። ኦይስተር የተባለው የተዘጋ ቤት እ.ኤ.አ. በ1926 ወጣ፤ በ1927 ዋናተኛዋ ሜርሴዲስ ግላይትዝ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለውን ባህር ለመዋኘት ስትሞክር አንዱን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ገባች፤ ከውሃው ስትወጣ ሰዓቱ ይሠራ ነበር። ሰብማሪነር በ1953 ሲወጣ 100 ሜትር ነበር፤ የዛሬው 300 ነው። ሰብማሪነርን ከዴትጀስት መለየት ለሚፈልግ መሙያዋ ላይ ያለውን ምልክት ማየት ይበቃዋል፦ ከዘውዱ ሥር ሦስት ነጥብ ካለ ትሪፕሎክ፣ ማለትም ሦስት ደረጃ መከላከያ ያላት ናት፤ የዴትጀስቷ ትዊንሎክ ሁለት ደረጃ አላት። ዴትጀስት 100 ሜትር ስለሆነ ገንዳ ውስጥ አያሳስብም። ከሰብማሪነሩ የምንመርጥበት አንድ ምክንያት ቢኖር ቀጭን ስለሆነ ሸሚዝ እጅጌ ሥር መግባቱ ነው።

ስፒድማስተር ፕሮፌሽናል እ.ኤ.አ. በ1969 ጨረቃ ላይ የተራመደ ሰዓት ነው፤ ብዙ ሰው «ሕዋ የቻለ ገንዳ ያቅተዋል?» ይላል። ሕዋ ላይ የሚጫን ውሃ የለም፤ ግፊቱ እንዲያውም ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ሰዓቱ 50 ሜትር ነው፣ መሙያው በጥርስ አይታሰርም፣ ሁለት የክሮኖግራፍ (የሩጫ ሰዓት መቁጠሪያ) ቁልፎች አሉት፤ ቁልፉ በውሃ ውስጥ ከተነካ ጎሚኒው ይንቀሳቀስና ጠብታ ይሾልካል። ታንክ ደግሞ 30 ሜትር፣ በዚያ ላይ ባለ አራት ማዕዘን ነው። ክብ ጎሚኒ በክብ ክዳን እኩል ይጨመቃል፤ ማዕዘን ላይ ግን እኩል ማስያዝ ይከብዳል። የቆዳ ማሰሪያውም ከረጠበ በኋላ ይሸታል፣ ይሰነጠቃል። ስለ ሁለቱ ከዚህ በላይ ማለት አያስፈልግም።

አሁን የአገሩን ነገር። ድሬ ላይ ሰዓትን የሚጎዳው ጥልቀት ሳይሆን ሙቀት ነው። ፀሐይ ላይ ቆሞ የነበረ መኪና ውስጥ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የተቀመጠ ሰዓት እጅ እስከማያስነካ ይግላል፤ ያንን አስሮ ዘልሎ ገንዳ መግባት ሁለት ነገር ያደርጋል። ውስጡ ያለው አየር ከ45 ዲግሪ ወደ 22 ሲወርድ ግፊቱ በ7 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፣ ያ ማለት ሰዓቱ ከውጭ መሳብ ይጀምራል። ብረቱ፣ መስታወቱና ጎሚኒው ደግሞ እኩል አይኮማተሩም። ስለዚህ ጥላ ሥር አሥር ደቂቃ ማቆየት ማንኛውንም ጎሚኒ ይረዳል። ጣሪያ ላይ ያለ ታንከር ከሰዓት በኋላ የሚሰጠው ሻወርም ቢሆን ለሰዓት አይመከርም፤ ሙቅ ውሃና ሳሙና አብረው ጎሚኒውን ያደርቃሉ፣ ሳሙና የገባበት ውሃ ደግሞ በቀጭን ስንጥቅ በቀላሉ ያልፋል። ሽቶም እንዲሁ፤ አንገት ላይ እንጂ ሰዓቱ ላይ አይረጭ። ማንቆርቆሪያችንን ነጭ የሚያደርገው የቧንቧ ውሃ ደግሞ ሲደርቅ መሙያዋ ጥርስ ውስጥና ቀለበቱ ሥር ይቀራል፤ ቀለበቱ መዞር የሚያቅተው አንዳንዴ በዚህ ነው።

ሐረር ላይ ሌላ ነገር አለ፣ ከፍታው። ከተማዋ ከባህር ወለል 1,880 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት 0.81 ባር ገደማ ነው። ጁገል ውስጥ ተከፍቶ የተዘጋ ሰዓት ውስጡ ያንኑ አየር ይዞ ጅቡቲ ይወርዳል፤ እዚያ ግፊቱ 1 ባር ነው። ባለቤቱ ገና እግሩን ሳያረጥብ ሰዓቱ ሁለት ሜትር ውሃ ውስጥ እንደገባ ይጨመቃል። ጤነኛ ጎሚኒ ይህን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። የደከመ ግን ያንን የባህር ዳር እርጥብ አየር ይስባል፣ ማታ አየር ማቀዝቀዣ ያለበት ክፍል ሲገባ መስታወቱ ከውስጥ ይደምናል። ሰውም «ሳልዋኝበት ውሃ ገባበት» ይላል።

የአገልግሎት ጉዳይ ከሰዓቱ ምርጫ ይበልጣል። ባትሪ ለመቀየርም ሆነ ለማስተካከል አንዴ የተከፈተ ሰዓት እስኪፈተን ድረስ ውሃ የማያስገባ አይደለም፤ ገጹ ላይ 300 ይበል 1,000። ሰዓት ሠሪው ጋ ሦስት ነገር ተመልከቱ። ክዳኑን የሚከፍተው በራሱ መፍቻ ነው ወይስ በፒንሳ? ጥርሱ ላይ ጭረት ከቀረ ክዳኑ ሙሉ በሙሉ አይታሰርም። ጎሚኒውን አውጥቶ አየው? ጠፍጣፋ ከሆነ፣ ከደረቀ፣ ከተሰነጠቀ መቀየር አለበት፤ ደህና ከሆነም ትንሽ የሲሊኮን ግሪስ ይቀባል፣ አንዲት የጨርቅ ክር ወይም ፀጉር ጎሚኒው ላይ ከተጋደመች ውሃ በእሷ ሥር መንገድ ያገኛል። ሦስተኛው የግፊት መፈተሻ ነው። ደረቁ መፈተሻ ሰዓቱን ሳጥን ውስጥ ዘግቶ አየሩን ይመጥጣል፣ ከዚያ ይጨምራል፤ መርፌው ቤቱ በማይክሮን (በሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ) ያህል መታጠፉንና መቆየቱን ያነባል፤ ተመልሶ ከቀና አየር ሾልኳል። እርጥቡ መፈተሻ ደግሞ በአየር ግፊት ቆይቶ ውሃ ውስጥ ሲወርድና ግፊቱ ሲቀንስ ከየት አረፋ እንደሚወጣ ያሳያል። መሣሪያው የሌለው ጥሩ ባለሙያ ይኖራል፤ ማስተካከሉን ያስተካክልላችሁ፣ ከዚያ ዋና ከመግባታችሁ በፊት መሣሪያው ያለበት አስፈትኑት። በየዓመቱ የሚዋኝበት ሰዓት በየዓመቱ ቢፈተን ይሻላል።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው ገጹ ላይ ያለውን ቁጥር እንደ ታሪክ ይቁጠረው። የእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ሲማስተር 300 ሜትር የነበረው ያኔ ነው፤ ጎሚኒዎቹ መቼ እንደተቀየሩ ወረቀት ከሌለ ዛሬ ዜሮ ነው። ስለ ኮፒው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ፦ የሂሊየም ቁልፏን ተመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ ለጌጥ የተለጠፈች ናት፣ ካልሆነም ፈትተው ሲያዩዋት ቀጥታ ወደ ውስጥ የምትከፍት ቀዳዳ ናት።

ጅቡቲ ሲዋኝ የዋለ ሰዓት፣ መሙያዋ ታስራ፣ ለብ ባለ የቧንቧ ውሃ ይታጠባል፤ እየታጠበ ቀለበቱን ሙሉ ዙር ማዞር ከሥሩ የገባውን ጨው ያወጣል፤ የብረት ማሰሪያው በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይቦረሻል። እዚያው ጅቡቲ ወዳለው አሳል ሐይቅ ለሚሄድ ግን ምክራችን ሰዓቱን ሻንጣ ውስጥ መተው ነው፤ ጨውነቱ ከባህር አሥር እጥፍ ያህል ስለሆነ ሲደርቅ በየጥርሱ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል።

መስታወቱ ከውስጥ ከደመነና የምር እርጥበት መሆኑን ማረጋገጥ ካስፈለገ ሰዓቱን ከ40 እስከ 45 ዲግሪ በሞቀ ነገር ላይ አስቀምጦ መስታወቱ ላይ የቀዘቀዘ ውሃ ጠብታ ማንጠብጠብ፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ መጥረግ፤ ከሥሩ ጤዛ ከታየ ውስጡ እርጥብ ነው። ይህ እርጥበት መኖሩን ይነግራል እንጂ ጎሚኒው ግፊት መቻሉን አይነግርም። ሩዝ ውስጥ መቅበር ጥቅም የለውም፤ ፀሐይ ላይ መዘርጋትም ውሃውን እንፋሎት አድርጎ ወደ ማሽኑ ይመልሰዋል። የገባው የባህር ውሃ ከሆነ ቀጠሮ አያስፈልገውም፣ የዚያኑ ቀን ይከፈት፤ ጨው ያገኘው የብረት ክፍል በሰዓታት ውስጥ መዛግ ይጀምራል።