ሳንስአምፕ ቤዝ ድራይቨር ዲአይ፦ በሰው ስፒከር ለሚሠራ ቤዝ ተጫዋች የቀረበ ግምገማ

በአዲስ አበባ ሆቴሎች፣ የምሽት ክበቦችና የሰርግ አዳራሾች የሚሠራ ቤዝ ጊታር ተጫዋች በአብዛኛው የሚጫወተው በራሱ አምፕሊፋየር ሳይሆን ቤቱ ወይም የድምፅ መሣሪያ አከራዩ ባቀረበለት ሲስተም ነው። አንዱ ቤት ጥሩ የቤዝ አምፕሊፋየር ይኖረዋል፤ ሌላው ጋ ያለው ለኪቦርድ ታስቦ የተገዛ ስፒከር ብቻ ይሆናል፤ ሦስተኛው ዘንድ ደግሞ መድረኩ ላይ ከተዘረጋ አንድ የካኖን ገመድ (ባለ ሦስት ፒን የማይክሮፎን ገመድ) በቀር ምንም አይጠብቀውም። ጊታሩም፣ ክሩም፣ ጣቱም ያው ሆነው ሳለ ድምፁ ከቤት ቤት የሌላ ሰው እስኪመስል ይለዋወጣል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ለሚሠራ ሰው ከጊታሩ ቀጥሎ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ዕቃ አምፕሊፋየር ነው ብዬ አላምንም። ቴክ 21 የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚያመርተው ሳንስአምፕ ቤዝ ድራይቨር ዲአይ፣ በተለይም «ቪ2» የሚባለው አዲሱ ዓይነት፣ ከአምፕሊፋየር መቅደም አለበት። ምክንያቱን ከነጉድለቶቹ ከዚህ በታች ለማስረዳት እሞክራለሁ።

መሣሪያው በመልኩ የእግር ፔዳል ነው፤ አካሉ ብረት ሲሆን በጊታር ቦርሳ ኪስ ውስጥ ይገባል። ሥራው ግን ሁለት ነው፦ በአንድ በኩል የጊታሩን ምልክት ለሚክሰር (ድምፆችን ለሚያቀላቅለው መሣሪያ) እንዲስማማ አድርጎ የሚያስተላልፍ ዲአይ ቦክስ ነው፤ በሌላ በኩል በቲዩብ (በመስታወት ቫልቭ) የሚሠራ አምፕሊፋየርና ስፒከር ለድምፅ የሚሰጡትን ሙቀትና ክብደት በራሱ የኤሌክትሪክ ዑደት የሚያስመስል ፕሪአምፕ (ድምፁን ወደ አምፕሊፋየር ከመግባቱ በፊት የሚያጎላና የሚቀርጽ ክፍል) ነው። የመጀመሪያውን ሳንስአምፕ የኩባንያው መሥራች አንድሩ ባርታ በ1989 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበ ሲሆን፣ ለቤዝ ተብሎ የተሠራው ይህ መሣሪያ በ1992 እ.ኤ.አ. ተከተለ። ውስጡ ሙሉ በሙሉ አናሎግ ነው፤ ስክሪን፣ ሜኑ ወይም በማይታወቅ ሰዓት የሚጠፋ የተቀመጠ ድምፅ የለውም። አምፕሊፋየር ሳይዙ በትልቅ መድረክ መጫወት ይቻላል ወይ ለሚል ተጠራጣሪ የካናዳው ራሽ ባንድ ቤዝ ተጫዋች ጌዲ ሊ ጥሩ ማስረጃ ነው። በስሙ የተሰየመ መሣሪያ ከዚሁ ኩባንያ ጋር ያወጣው ጌዲ ሊ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. ባደረገው ጉዞ አምፕሊፋየር ይደረደርበት በነበረው ቦታ የልብስ ማድረቂያ ማሽኖችን አቁሞ ነበር የሚጫወተው።

ዲአይ ለምን እንደሚያስፈልግ ባጭሩ ላስረዳ። ባትሪ የሌለው ተራ ቤዝ ጊታር ፒክአፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል) ደካማ ምልክት ይሰጣል፤ ይህ ምልክት ሳይጎዳ የሚያልፈው ወደ 1 ሚሊዮን ኦም የሚጠጋ ኢምፒዳንስ (ለኤሌክትሪክ ምልክት የሚደረግ ተቃውሞ) ያለው መግቢያ ሲያገኝ ነው። የሚክሰር የላይን መግቢያ ግን ብዙውን ጊዜ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ኦም ብቻ ስላለው ጊታሩ በቀጥታ ሲሰካበት ድምፁ ይታፈናል፣ የክሩ ጥራትም ይጠፋል። በዚያ ላይ ሚክሰሩ ከአዳራሹ ወዲያኛ ጫፍ ሲሆን ተራው የጊታር ገመድ በመንገዱ ያገኘውን ኖይዝ ሁሉ ይሰበስባል። ለዚህ ብቻ ከሆነ ግን ማንኛውም ደህና ዲአይ ይበቃል። ትራንስፎርመር ያለው ራዲያል ጄዲአይም ሆነ ካንትሪማን ታይፕ 85 ንጹሕና ታማኝ ሥራ ይሠራሉ። ሁለቱ የማይሠሩት ነገር ተጫዋቹ ስለ ራሱ ድምፅ ያለውን ውሳኔ አብሮ ወደ ሚክሰሩ መላክ ነው፤ ያ ውሳኔ በሌለበት ደግሞ የሚወስነው የድምፅ ባለሙያው ነው፣ እሱም በዚያች ሰዓት ስለ ድምፃዊው ማይክሮፎን እንጂ ስለ ቤዝ ላያስብ ይችላል።

ከማዞሪያዎቹ ሁሉ ዋጋ ያለው ብሌንድ የሚለው ነው። ወደ ግራ ጨርሶ ሲዞር የሚወጣው የጊታሩ ቀጥተኛ ድምፅ ነው፤ ወደ ቀኝ በዞረ መጠን በሳንስአምፑ ዑደት ያለፈው ድምፅ ይበዛል። ብዙ የድራይቭ (ድምፅን የሚያሻክሩ) ፔዳሎች ቤዝ ላይ ሲሠሩ ታችኛውን ድምፅ ስለሚበሉት ተጫዋቹ ጥንካሬ ሲሻ ክብደት ያጣል፤ እዚህ ግን ንጹሑ ድምፅ ከሥር ሆኖ የታችኛውን ክር ስለሚሸከም ሻካራው ከላይ ቢጨመር መሠረቱ አይነቃነቅም። ብሌንድን ከመካከል ትንሽ ቀነስ፣ ድራይቭን ከሩብ ያልበለጠ፣ ፕረዘንስን (የላይኛውን ድምፅ የሚያጎላውን ማዞሪያ) ደግሞ ከመካከል በታች አድርጎ መጀመር ለአብዛኛው የባንድ ሥራ ይበቃል። ፕረዘንስ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል፤ ክሩ አዲስ ከሆነና ስፒከሩ ትዊተር (ቀጭን ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ስፒከር) ካለው፣ ጣት ክሩ ላይ ሲንሸራተት የሚሰማውን ጩኸት ሁሉ ለታዳሚው ያደርሳል።

የቀድሞው መሣሪያ ትልቁ ጉድለት ሚድ (የመካከለኛውን ድምፅ የሚቆጣጠር) ማዞሪያ አልነበረውም፤ የዑደቱም ጠባይ የመካከለኛውን ድምፅ ቀንሶ ታችና ላዩን የሚያጎላ ነበር። ይህ ድምፅ ቤት ውስጥ ለብቻ ሲሰማ ያምራል፣ የሮክ ባንድ ውስጥም ቦታ አለው። በእኛ ሙዚቃ ውስጥ ግን ተጫዋቹን ያስቀብረዋል። በ6/8 በሚሄድ ጭክጭካ ላይ የድራሙ ኪክ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) እና የቤዙ ኖታ ተጠጋግተው ነው የሚወድቁት፤ በዚህ ላይ የኪቦርድ ተጫዋቹ ግራ እጅ ብዙ ጊዜ እዚያው ታች ይሠራል፣ በአንዳንድ ባንዶችማ ኪቦርዱ ራሱ የቤዝ መስመር ይዞ ይመጣል። ሦስቱ በአንድ ጠባብ ቦታ ሲገፋፉ ለታዳሚው የሚደርሰው መንቀጥቀጥ እንጂ ዜማ አይደለም። በአንቺሆዬ ወይም በአምባሰል ላይ የተሠራ ዘፈን ሲሆን ጉዳቱ ይከፋል፤ ቤዙ የትኛውን የቅኝቱን ድምፅ እንደያዘ ካልተለየ ድምፃዊውም የሚደገፍበት አያገኝም።

እዚህ ላይ ትንሽ ቁጥር ነገሩን ያቀልለዋል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ መሠረታዊ ድምፁ ወደ 41 ኸርዝ ነው፤ ባለ አምስት ክር ከሆነ ደግሞ የታችኛው ወደ 31 ኸርዝ ይወርዳል። በትናንሽ ቤቶች ያሉት ስፒከሮች ይህን ያህል ዝቅ ያለ ድምፅ በአግባቡ አያወጡም። ጆሮ የሚሰማው በአብዛኛው የዚያው ኖታ እጥፍ የሆነውን 82 ኸርዝና ከዚያ በላይ ያሉትን ድምፆች ነው፤ ኖታውን ከኪኩ ለይቶ የሚያሳውቀው ደግሞ ከዚያም ከፍ ብሎ የሚገኘው ሚድ ነው። ስለዚህ ድምፁ አልሰማ ሲል ቤዝ የሚለውን ማዞሪያ መጨመር ስፒከሩን ከማስጨነቅ በቀር የሚፈይደው የለም። ከመጀመሪያው ከ20 ዓመታት በላይ ቆይቶ የመጣው ቪ2 ይህን ጉድለት ሞልቶታል፦ 500 ወይም 1000 ኸርዝ ላይ ሊደረግ የሚችል ሚድ ማዞሪያ አለው፤ የቤዝ ማዞሪያውም በ80 እና በ40 ኸርዝ መካከል የሚመረጥበት ቁልፍ ተጨምሮለታል። ለሰርግና ለክበብ ሥራ ሚዱን 500 ላይ አድርጎ ከመካከል ትንሽ ከፍ ማድረግን እመርጣለሁ፤ 1000 ላይ ያለው በአውራ ጣት ለሚመታ ወይም በፔና (በክር መምቻ) ለሚጫወት ይሻላል። 40 ኸርዝ የሚለው ምርጫ ደህና ሰብዉፈር (በጣም ወፍራም ድምፅ የሚያወጣ ስፒከር) በሌለበት አዳራሽ ባይነካ ጥሩ ነው፤ የማይሰማ ድምፅ የአምፕሊፋየሩን ጉልበት ይበላልና። ያለ ጥርጥር፣ ከሁለቱ ዓይነቶች አንዱን መምረጥ ለሚችል ሰው ቪ2ን የሚያስመርጠው ይህ ሚድ ማዞሪያ ብቻውን ነው።

ለአገራችን መድረክ ከድምፁ እኩል የሚያስፈልገው ሌላው ባሕርይ የኃይል አቅርቦቱ ነው። መሣሪያው በባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ በአዳፕተር ወይም ከሚክሰሩ በካኖን ገመድ በሚመጣው ባለ 48 ቮልት ፋንተም ፓወር ይሠራል። መድረክ ላይ ትርፍ ሶኬት ማግኘት ራሱ ክርክር በሆነበት ቤት፣ ገመዱን ሰክቶ መብራቱ ሲበራ ማየት ትልቅ ዕረፍት ነው። ይሁንና አንድ ማወቅ የሚገባ ነገር አለ። ፋንተም ፓወርን የሚያስገባውና የካኖኑን ግራውንድ የሚያገናኘው ቁልፍ አንድ ነው። ስለዚህ በመድረኩና በሚክሰሩ የኤሌክትሪክ መስመር መካከል ባለ የግራውንድ ችግር የሚያጉረመርም ኖይዝ ሲመጣ፣ ግራውንዱን ለማቋረጥ የሚሞክር ሰው ፋንተሙንም አብሮ ያጣል። ግማሹ መሣሪያ ከጄኔሬተር፣ ግማሹ ከመስመር በሚሠራበት ድንኳን ውስጥ ይህ የሚያጋጥም ጉዳይ በመሆኑ፣ ፋንተም አለ ተብሎ ባትሪ ሳይዙ መውጣት ተገቢ አይደለም። ባትሪው የሚበላው ገመድ መግቢያው ላይ እስከተሰካ ድረስ ስለሆነ፣ በእረፍት ሰዓት ገመዱን መንቀል ዕድሜውን ያራዝመዋል። የግራውንድ ኖይዝን ለማጥፋት ብሎ የአምፕሊፋየርን የግራውንድ ሽቦ ከሶኬት ማላቀቅ ግን በምንም ምክንያት ሊደረግ አይገባም፤ ክሩን በእጁ፣ ማይክሮፎኑን በከንፈሩ የነካ ሰው ሊሞትበት ይችላል።

አዳፕተርን በተመለከተ፣ ዕቃው በአብዛኛው የሚመጣው አሜሪካ ባለ ዘመድ ወይም ከጉዞ በሚመለስ ሰው ሻንጣ በመሆኑ፣ አብሮ የተገዛው አዳፕተር ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ሊሆን ይችላል። በጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ካልተጻፈበት በእኛ 220 ቮልት ላይ መሰካት የለበትም።

የአጠቃቀም ጉድለት ብዬ የምቆጥረው ሌላው የእግር መጫኛው ነው። ሲጠፋ የጊታሩ ቀጥተኛ ድምፅ ሌቭል በሚለው ማዞሪያ ሳይገዛ ስለሚያልፍ፣ ሌቭሉ በጆሮ በጥንቃቄ ካልተስተካከለ በመብራቱና በመጥፋቱ መካከል የድምፅ መጠኑ ይዘላል። በዘፈን መካከል እያበራሁ እያጠፋሁ ልጠቀምበት የሚል ሰው ይህን ይወቅ፤ እኔ ምሽቱን ሙሉ እንደበራ መተውን እመክራለሁ። ቪ2 ላይ ያለው ባለ 20 ዴሲቤል መቀነሻ ቁልፍም ጠቃሚ ነው፦ አነስተኛ ሚክሰር የማይክ መግቢያው በጠንካራ ምልክት በቀላሉ ስለሚፈነዳ፣ ሳውንድ ቼክ (ከዝግጅቱ በፊት የሚደረግ የድምፅ ሙከራ) ላይ የሚክሰሩ ጌይን (የመግቢያው ማጉያ) ዜሮ ሆኖም ድምፁ ከተሰባበረ በመጀመሪያ መታየት ያለበት እሱ ነው። ፓራለል የሚለው መውጫ ያልተነካውን የጊታር ድምፅ ስለሚሰጥ ቱነር ይሰካበታል፤ ቤቱ አምፕሊፋየር ካለው ደግሞ በተራው መውጫ ወደዚያ መስደድ ይቻላል።

አምፕሊፋየር ጨርሶ አያስፈልግም ማለቴ ግን አይደለም። ቤዝ ድራይቨር በራሱ አየር አያንቀሳቅስም፤ ሞኒተር በሌለበት ወይም ሞኒተሩ ለድምፃዊው ብቻ በተሰጠበት መድረክ ተጫዋቹ ራሱን አይሰማም። ነገር ግን ቀላል ከሚባሉት አንዱ የሆነው ባለ ሁለት ባለ 10 ኢንች ስፒከሩ ፌንደር ራምብል 500 እንኳ ከ16 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ጊታር ተሸክሞ በታክሲ ለሚመላለስ ሰው ይህ ሸክምም ወጪም ነው። ቋሚ ቤት ያለው ባንድ አምፕሊፋየር ይግዛ፤ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚሠራ ግን አስቀድሞ ፔዳሉን ይያዝ።

ዋጋው በአሜሪካ ከ200 ዶላር በላይ ስለሆነ ለጀማሪ ቀላል አይደለም። ቤህሪንገር ቢዲአይ 21 የቀድሞውን ቤዝ ድራይቨር ተከትሎ የተሠራ፣ በጣም ርካሽ መሣሪያ ነው፤ የድምፁ ጠባይም ቅርብ ነው። አካሉ ግን ፕላስቲክ ነው፤ ሚድ ማዞሪያም የለውም። ለልምምድና አልፎ አልፎ ለሚገኝ ሥራ ይበቃል፤ በየሳምንቱ መጨረሻ ለሚረገጥ ዕቃ ግን አልመርጠውም። ጊታሩ ውስጥ ጥሩ ፕሪአምፕ ያለውና ንጹሕ ድምፅ ብቻ የሚፈልግ ተጫዋችም ቢሆን ገንዘቡን ለተራ ዲአይ አውጥቶ ትርፉን ለክር ቢያውለው ይሻለዋል።

ያገለገለ ቤዝ ድራይቨር ለሚገዛ ሰው መጀመሪያ ሚድ የሚል ማዞሪያ መኖሩን ማየት ይበቃዋል፤ ከሌለ የቀድሞው ነው፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ሊወርድ ይገባል። ቀጥሎ በባትሪ ብቻ፣ ከዚያም ባትሪውን አውጥቶ በፋንተም ብቻ መሞከር፣ ማዞሪያዎቹን አንድ በአንድ ሲያዞሩ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ መኖር አለመኖሩን ማዳመጥ፣ የካኖን ገመዱንም ሰክቶ ቀስ አድርጎ ማነቃነቅ ያስፈልጋል። ሻጩ ሚክሰር ባለበት ቦታ ለመገናኘት ካልፈቀደ ዕቃውን አለመግዛት ይመረጣል።